መልስ ከሌለ «ደህና»

«አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማንም የለም።»

ይህን ወሬ የክፍሉ ኃላፊ ይርሳው በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ጠዋት ወንበሩን ሲስብ፣ ቀትር ላይ ምሳውን ሲያላምጥ፣ ማምሻውን ኮቱን ሲደርብ። ማስረጃውም ሁልጊዜ ያው ነው። ሊፍቱ አሥራ አንደኛ ላይ ያበቃል፤ የአሥራ ሁለተኛው ቁልፍ ተነቅሎ ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «ሰው ቢኖርበት በምን ይወጣ ነበር? በገመድ?» ይልና ይስቃል። ብቻውን ነው የሚስቀው። ሌላው ባይስቅም አምኖታል።

ክፍሉ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ «የእንዴት አደሩ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ አለ። በ2066 ዓ.ም. በከተማዋ ብቻቸውን የሚኖሩ ሠላሳ አንድ ሺህ አረጋውያን ነበሩ። በየቤታቸው ግድግዳ ላይ ሕዝቡ «ጠያቂው» ብሎ የሚጠራው መሣሪያ ተሰቅሏል። ጠያቂው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ «እንዴት አደሩ?» ይላል። ይመልሱለታል። የመለሱት ይመዘገባል። ዘበኛው፣ አምቡላንሱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የበሩ ቁልፍ ራሱ የሚያምኑት ያንን መዝገብ ነው። በር የሚከፈተው በባለቤቱ መዳፍ ወይም መዝገቡ በሚሰጠው ምክንያት ብቻ ነው። ጎረቤት ሄዶ ማንኳኳት ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። አልተከለከለም፤ የሚያንኳኳ ሰው ግን «ከመዝገቡ በላይ አውቃለሁ ባይ» ተብሎ ስሙ ይያዛል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ ከሚጽፉት አንዷ ወለላ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም፤ ይህንንም ለተዋወቀችው ሰው ሁሉ ስሟን ሳትጨርስ ትነግረዋለች። ዲግሪ ያላቸው የክፍሉ ሰዎች ሁለት ቀን የሚያላዝኑበትን ሥራ እሷ ከምሳ በፊት ጨርሳ እግሯን ትዘረጋለች። «ምን ተማርሽ?» ሲሏት «እናንተ የረሳችሁትን» ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ብቻዋን አልተማረችም። ልጅ ሳለች ከወላጆቿ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ፤ እትዬ ሰናይት። ጠያቂው ገና ሲሠራ የመጀመሪያውን ኮድ ከጻፉት ሰዎች አንዷ ናቸው። ምላሳቸው ስለት ነው፤ የወለላም ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ ከዚያ ነው የመጣው።

«ያዘዝሽው ሁሉ ሁለት ነገር ይዞ ይመለሳል» ይሏት ነበር። «በአንድ እጁ ያመጣልሽን፣ በሌላው እጁ መንገድ ላይ የገጠመውን። አንቺ ችኩል ነሽ፤ ያመጣውን ነጥቀሽ ትሮጫለሽ። ተይ። መጀመሪያ የገጠመውን እይ።»

«ስህተት ገጥሞት ከሆነስ?»

«ከቻልሽ ታርሚዋለሽ። ካልቻልሽ ከበላይሽ ላለው ታሳልፊዋለሽ። እሱም ካልሆነ ሁሉን ታቆሚያለሽ። ሦስት ነው፤ አራተኛ የለውም።»

«ብውጠውስ?»

«ብትውጪውማ ስህተቱ አይጠፋም። አንቺ ነሽ የምትደነቁሪው።»

ወለላ ክፍሉን ስትቀላቀል ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ ነበር። በየቀኑ መልስ ያልተገኘባቸው ቤቶች ቁጥር በቀይ ይወጣበታል፤ አንድ ቀን ሠላሳ፣ አንድ ቀን አርባ። «ግማሹ የጠያቂውን ገመድ የሚነቅል ሽማግሌ ነው» ይላል ይርሳው። እያንዳንዱ ቀይ እትዬ ሰናይት ድሮ በጻፉት መስመር እየተመራ ወደ ላይ፣ ወደ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሰባተኛ ፎቅ የሚመለስ ቃል የለም። ወሬውም የተወለደው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀዩ ግን ይቆጠራል፤ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ክፍሉ የሚሰደበው በዚያ ቁጥር ነው።

በሦስተኛ ወሯ ወለላ የሠላሳ ዓመት መዝገብ አገላበጠች። ከመቶ መልስ ዘጠና ዘጠኙ «ደህና» ነው። ሰው ወገቡ ተሰብሮ «ደህና» ይላል። ልጁን ቀብሮ በማግስቱ «ደህና፣ ይመስገን» ይላል። ሊሞቱ አንድ ቀን ከቀራቸው ሰዎች እንኳ አብዛኞቹ በመጨረሻው ጠዋት ያሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የጠፋው መልስ ቢገኝ ኖሮ ምን ይል ነበር? ወለላ የእትዬ ሰናይትን መስመር አወጣችና በቦታው የራሷን አስገባች፦ መልስ ከሌለ «ደህና»።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ወጣ። ይርሳው ቆሞ አጨበጨበ። ወንበሯ ወደ መስኮቱ ተዛወረላት።

ያን ዕለት ወደ እትዬ ሰናይት ዘንድ የወጣችው ልትኩራራ ነበር። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስክሪኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንድ መስመር ስለሆነ ብዙ አልፈጀባቸውም።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«እኔ።»

«ጎሽ። ደውለሽ የሚያነሳ ስታጪ ራስሽ ሃሎ ብለሽ ለራስሽ ታወሪያለሽ ማለት ነው።»

«ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ልክ ነው፣ እትዬ።»

«መቶኛዋስ?»

«መቶኛዋ ምን ሆነች?»

«እሷ ዘንድ ማን ይሂድ? እኔ የጻፍኩት እኮ ‹መልስ ከሌለ ሰው ይሂድ› ነበር። አንቺ ሰውዬውን አስወጥተሽ ቃል አስቀመጥሽበት።»

«የትኛው ሰው ነው የሚሄደው? ላይ ማንም የለም! ሁሉም ያውቀዋል።»

«ወጥተሽ አየሽ?»

«ሊፍቱ አይወጣም።»

«እግርስ የለሽም?»

ወለላ ፊቷ ጋለ። «እርስዎ ዘመንዎ አልፏል፣ እትዬ። ዛሬ ሰው እንደዚያ አይሠራም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ዛሬ ሰው አይሠራም።» መነጽራቸውን አወረዱ። «አጥፊው። ያንቺ ስም ያለበት ነገር እንዲህ ሆኖ ማየት አልፈልግም። አጥፊው።»

«እሺ፣ ነገ አጠፋዋለሁ! ደስ ይበልዎት!» ብላ በሩን ደርግማው ወጣች።

አላጠፋችውም። ዜሮውን ማን በእጁ ያፈርሳል? አላጠፋሁትም ብላ ለመናገርም ምላሷ እንቢ አላት፤ ስለዚህ እግሯን ከዚያ ቤት አነሳች። ብዙም ሳይቆይ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ ሌላ ሰፈር ተከራየች። የእትዬ ሰናይት ሕንፃ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ አራት ደቂቃ በእግር ቢሆንም ስምንት ወር አልረገጠችውም።

ይህን ማንም አያውቅም እንጂ በየቀኑ ትጠይቃቸው ነበር። ጠዋት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከሥራ ሁሉ በፊት፣ የእሳቸውን መዝገብ ከፍታ የዚያን ቀን መልሳቸውን ታነባለች። እትዬ ሰናይት ከሠላሳ አንድ ሺህ ሰው መካከል አንድም ቀን «ደህና» ብለው አያውቁም። «ከትናንቱ የባሰ፤ አንተስ?» ይላሉ። «ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ እኔን ምን ትነዘንዘኛለህ?» ይላሉ። «ዛሬም አልሞትኩም፤ ይቅርታህን።» ወለላ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅና ወደ ሥራዋ ትገባለች።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡ «ደህና» አለ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። በመጨረሻ ለሰለሱ፣ አለች በልቧ። ማክሰኞም «ደህና»። ረታኋቸው፣ አለች። ለይርሳው ሳይቀር ነገረችው፤ «እዚህ ከተማ ውስጥ አንዲት ደህና የማትል ሴት ነበረች፤ እሷም ደህና አለች።» ረቡዕም «ደህና»። ወለላ ቸር ለመሆን ወሰነች። እሑድ ብርቱካን ይዛ ልትሄድ፣ ቀድማ ሰላም ልትል፣ ስለ መስመሩ ካልተነሳ ላታነሳ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አራተኛውን «ደህና» አየችና ድምፃቸውን መስማት አማራት። ስምንት ወር አልሰማችውም። መዝገቡ ውስጥ ድምፁ የሚቀመጥበትን ነካችው። ምንም አልወጣም። የቅጂው ርዝመት ዜሮ ይላል። የረቡዕም ዜሮ። የማክሰኞም፣ የሰኞም።

አራት ቀን ሙሉ ስታነበው የነበረው የራሷን ጽሑፍ ነው።

ተነሥታ ይርሳው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። «ጋሽ ይርሳው፣ አንድ ስህተት ወደ ላይ ላሳልፍ ነው።»

«ወደ የት ላይ?»

«አሥራ ሁለተኛ።»

ይርሳው የሚያነበውን ዘጋ። «አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርሽ? እዚያ ያለው እርግብ ነው። እርግብ ደግሞ ማንበብ አይችልም።»

«አንዲት ሴትዮ አራት ቀን አልመለሱም።»

«ደህና ናቸው ይላል እኮ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት!»

«እንግዲያው ራስሽን ካላመንሽ ማንን ልታምኚ ነው?» ጣቱን ወደ ሰሌዳው ቀሰረ። «ስምንት ወር ዜሮ። ያመጣሽው አንቺ ነሽ። አንድ ብለሽ ልትጀምሪልኝ ነው? ለእርግብ?»

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የእትዬ ሰናይት መዝገብ እንደተከፈተ ነበር። ማሳለፊያው አንድ ቁልፍ ነው፤ ጣቷን አስቀመጠችበት። ሰው በሌለበት በር ደብዳቤ ከምጥል ራሴ ብሄድ ይሻላል፣ አለች። በዚያው ቅጽበት ሰሌዳው ላይ ያለውን ዜሮ አየችው። አላየሁትም ብትል ትዋሻለች። ጣቷን አነሳች፤ ኮቷን ይዛ ወጣች።

የሕንፃው ዘበኛ ቢተው ይባላል። ጉልበቱ ላይ ታብሌት አስቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል።

«የአምስተኛ ፎቅ፣ የእትዬ ሰናይትን በር ክፈትልኝ።»

«ምክንያት አለሽ?»

«ታመው ይሆናል።»

ታብሌቱን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው። «ደህና ናቸው።»

«አይደሉም።»

«እህቴ፣ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ተጠይቀው ደህና ብለዋል። ይኸው፣ እይ።»

«እሳቸው አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አንቺ ነሽ ደህና ናቸው ያልሽው?»

«አዎ!»

«ታዲያ ደህና ናቸው ብለሽ ስታበቂ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

በደረጃው ሮጣ ወጣች። በሩን በመዳፏ፣ ከዚያ በጫማዋ ተረከዝ ደበደበችው። ብረት ነው። ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከውስጥ የሆነ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት የሰማች መሰላት፤ የቧንቧ ውኃም ሊሆን ይችላል። «እትዬ! ወለላ ነኝ!» አለች። በኮሪደሩ አንድም በር አልተከፈተም፤ አንድ ሰው ብቻ ከቤቱ ውስጥ «ኧረ እንረፍበት!» ብሎ ጮኸ። ቢተው ከኋላዋ ደርሶ ስሟን እየጻፈ ነበር።

ለአምቡላንስ ደወለች። የሚያነሳው ሰው ነው፤ ይህም ተስፋ ሰጥቷት ነበር።

«መዝገባቸው ደህና ይላል» አለች የአምቡላንሷ ሴት።

«መዝገቡ ተሳስቷል።»

«ይህን የሚያስረዳ መዝገብ አለሽ?»

ከሁለቱም ጋር ስትከራከር ቆይታ ቢሮ ስትመለስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መስመሯን በሃያ ሰከንድ አጠፋችው፤ ለውጥ ግን የሚሠራው ከነገው ጥየቃ ጀምሮ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሌላ መንገድ ፈለገች፤ የበሩን ምክንያት በእጅ ለመጻፍ ሞከረች። መዝገቡ «ባለቤቷ ደህና ናት» እያለ በራሷ ቃል አፏን ዘጋት። በዚህ መሐል ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ ስምንት ሆነ። ከእትዬ ሰናይት ሦስት ነገሮች ውስጥ የመጨረሻው ብቻ ቀረ። መዝገቡ ሲቆም የከተማው በሮች ሁሉ ይከፈታሉ፤ እሳት ቢነሳ ሰው ታፍኖ እንዳይቀር የወጣ ደንብ ነው። ሁሉን ለማቆም ሁለት መዳፍ ያስፈልጋል፣ ኮዱን የጻፈው ሰውና የኃላፊው።

ይርሳው ከምሳ ሲመለስ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር።

«አብደሻል?» አላት። «ለአንዲት አሮጊት የሠላሳ አንድ ሺህ ሰው በር?»

«መዳፍዎን ያምጡ።»

«ዞር በይ ከፊቴ። በሥራሽ ነው የምትጫወቺው።»

«ጋሽ ይርሳው፣ እባክዎ።» ይህን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ይርሳውም ስላልለመደው ሳቀ።

ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችውና ጎትታ መዳፉን መዳፍ የሚያነበው መስተዋት ላይ ጫነችው። በሌላው በኩል የራሷን። ይርሳው ጮኸ፤ ሰዎች ተነሡ፤ ማንም ግን ሊያስለቅቀው አልመጣም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእንዴት አደሩ አገልግሎት ቆመ። በመስኮቱ በኩል ከየሕንፃው የቁልፎች ጠቅታ ተሰማ፤ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የጀመረ ይመስል ነበር።

እትዬ ሰናይት በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወለል ላይ በቀኝ ጎናቸው ወድቀው ነበር። ቀኝ እጃቸው ከሥራቸው ተቀብሯል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ግራ እጃቸው የጠያቂውን ገመድ አንጓው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞታል፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቅሎ አጠገባቸው ወድቋል። ወለላ አንገታቸውን ነካች። ገና አልቀዘቀዘም።

ሐኪሙ የጻፈው ስድስት መስመር ነው። ሰኞ ንጋት ላይ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷል፤ ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ወስዶታል። ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ሞተዋል። ስለ ገመዱ ያለው ነገር የለም፤ በሐኪም ዓይን ገመድ ገመድ ነው። ወለላ ግን ገባት። ምላስ የሌለው ሰው ለጠያቂው ምን ብሎ ይመልሳል? እሳቸው ያን መሣሪያ ሲሠሩ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ መልስ ከሌለ ሰው ይመጣል። በሚንቀሳቀሰው እጃቸው ወለሉ ላይ እየተሳቡ ሄደው፣ ማቃሰታቸው እንኳ እንደ መልስ እንዳይያዝ፣ መልሱን ከነገመዱ ነቀሉት። የእሷ መስመር አሁንም እንዳለ ቢያውቁ ኖሮ አይደክሙም ነበር። «ነገ አጠፋዋለሁ» ያለቻቸውን አምነዋት ነው።

በዚያን ቀን ከተማው ውስጥ በሮቹ ሲከፈቱ ሌሎች አሥራ አንድ «ደህና» ሰዎች ወለል ላይ ተገኙ። አራቱ በሕይወት ነበሩ።

ምርመራው ከሦስት ሳምንት በኋላ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተደረገ። ሰብሳቢው ክሱን በአንድ ትንፋሽ አነበበ፤ የኃላፊን መዳፍ በጉልበት መጠቀም፣ የከተማን አገልግሎት ማቋረጥ። ስለ መስመሩ ክስ አልነበረም። መስመሩ በይርሳው ፊርማ ጸድቆ ባለፈው ዓመት ተሸልሟል።

«ስህተቱን አይተሻል» አለ ሰብሳቢው። «በደንቡ መሠረት ለምን ወደ ላይ አላሳለፍሽውም?»

«ላይ ማንም ስለሌለ።»

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጡ አንዲት ወፍራም ሴት ዞረ። ሴትዮዋ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ጫማቸው የሩጫ ነው። ወለላ ከገባች ጀምሮ ጽዳት ሠራተኛ መስለዋት ነበር።

«ሙሉእመቤት እባላለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ የድረስ ቡድን።»

ይርሳው ሳል ያዘው።

«በምን ነው የምትወጡት?» አለ ሰብሳቢው፤ ለመዝገቡ ያህል።

«በጀርባ ደረጃ። መኪኖቻችንም ከደረጃው ሥር ናቸው። የሊፍቱን ቁልፍ ያስነቀልነው እኛው ነን፤ ከታች ሰው እየወጣ ሥራ ሲያስፈታን።» ስድስት ሰው ነን አሉ፤ ሁለት ነርስ፣ አንድ በር ቆራጭ፣ ሁለት ሹፌር፣ እሳቸው። ስህተት ሲደርሳቸው መልስ አይጽፉም፣ ይሄዳሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በር ቆርጠው ለመግባት ከሩብ ሰዓት በላይ የፈጀባቸው ሁለቴ ብቻ ነው። «ከስምንት ወር ወዲህ ግን ምንም አልወጣልንም። ከተማው ተሻለው ብለን ነበር።»

ወለላ እንድትናገር አልተፈቀደላትም። ቢሆንም ተነሣች።

«በዚያን ሐሙስ» አለች፣ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበራችሁ?»

ሴትዮዋ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አላወቁም። ጣሪያውን በጣታቸው አሳዩ።

«እዚሁ ላይ ነበርን፤ ስድስታችንም። ካርታ እየተጫወትን።»